ያልኖረችበትን ቤት በምን ዕቃ ትሞላዋለች?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ጅማ ነው። በስልኬ የ15 ደቂቃ የሙከራ ፊልም እየሠራሁ ነው። ባለታሪኳ በ18 ዓመቷ አካውንቲንግ ልትማር ወደ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል አውቶብስ ያመልጣታል። ጅማ ቀርታ ቡና ትነግዳለች፤ አሁን ወደ አርባው ተጠግታለች። ፊልሙ ብትሄድ ኖሮ የምትኖረውንም ሕይወት ያሳያል። ሄዳ የምትመለስበት ሦስተኛ ሕይወትም አለ። ሦስቱን እያፈራረቅኩ ቆርጬ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ‹ያምራል፣ ግን የቷ የትኛዋ እንደሆነች ጠፋብን› አሉኝ። ለሦስት ተዋናዮች ልስጠው? ተራኪ ልጨምርበት? ወይስ የሙከራ ፊልም ስለሆነ ባይገባቸውም ችግር የለውም?»

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድም። ለሦስት ተዋናዮች አትስጪው። ተራኪም ይቅር። «ባይገባቸውም ችግር የለውም» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ጨርሰሽ እርሺው። ጓደኞችሽ ትልቅ ውለታ ነው የዋሉልሽ።

የሙከራ ፊልም ሰው የሚጠፋበት ፊልም አይደለም። የራሱን ሕግ አውጥቶ ያንን ሕግ የሚያከብር ፊልም ነው። ክሪስ ማርከር እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው «ላ ዤቴ» 28 ደቂቃ ይሆናል። ፊልሙ የተሠራው በፎቶግራፍ ነው፤ ምስሉ አይንቀሳቀስም። ሰው ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይወዳል፤ ሁሉም ፎቶ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ የተኛች ሴት ዓይኗን ትገልጣለች። ያ ጥቂት ሰከንድ እውነተኛ እንቅስቃሴ ነው። ተመልካቹን ክው የሚያደርገው ሕጉን እስከዚያ ድረስ ስለለመደው ነው። ሕግ በሌለው ፊልም ውስጥ ግን ምንም ነገር ቢመጣ ማንም አይደነግጥም። ምኑ ተጣሰና?

አሁን ወደ አንቺ ፊልም። ጓደኞችሽ የጠፉት ሴቶቹ ስለበዙባቸው አይመስለኝም። ከማን ዓይን እንደሚያዩ ስላላወቁ ነው። እንደጻፍሽው ከሆነ ሦስቱም ሕይወቶች እኩል ናቸው፤ ሦስቱም እውነት ናቸው። እንዲህ ከሆነ የሚጸጸት ሰው የለም ማለት ነው። ጅማ የቀረችው ቡናዋን ትሸጣለች፣ አዲስ አበባ የሄደችው ቢሮ ትገባለች፣ አንዷ ስለ ሌላዋ አታውቅም። ይህ ስለ ዕድል የሚናገር ፊልም ነው፤ ስለ ጸጸት አይደለም።

ልዩነቱን በደንብ የሚያሳይ አንድ ሥራ አለ። ፖላንዳዊው ክሽሽቶፍ ኪሽሎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ጨርሶት እስከ 1987 ታግዶ የቆየው «ብላይንድ ቻንስ» የተባለው ፊልም ነው። አንድ ወጣት ባቡር ለመያዝ ይሮጣል። በመጀመሪያው ሕይወት ይደርስበታል፤ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ይሆናል። በሁለተኛው ያመልጠዋል፣ ከጣቢያው ጠባቂ ጋር ይጋጫል፤ መጨረሻው ተቃዋሚ መሆን ነው። በሦስተኛውም ያመልጠዋል፤ ግን አንዲት የሚያውቃት ሴት ታገኘዋለች፣ ሐኪም ሆኖ ከፖለቲካ ርቆ ይኖራል። ሦስቱ ሕይወቶች አይቀላቀሉም። አንዱ አልቆ ሌላው ይጀምራል። ወጣቱ በአንደኛው ሕይወት ውስጥ ሆኖ ሌላውን አያልምም። ዳይሬክተሩ የሚጠይቀው «ሰውን ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው፣ ራሱ ወይስ አጋጣሚው?» ብሎ ነው። ለዚያ ጥያቄ ሦስቱን እኩል ማድረጉ ልክ ነው።

ያንቺ ጥያቄ ሌላ ነው። ያንቺ ሴት ቁጭ ብላ «ብሄድ ኖሮ» የምትል ሴት ናት። ስለዚህ መጀመሪያ ወስኚ፦ የኖረችው አንዱን ብቻ ነው። ጅማ ቀርታለች፤ ቡና ትነግዳለች። ሌላው በሙሉ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አውቶብሱ አንድ ነገር ልበል። የጅማ ተመልካች ገና ፊልሙ ሲጀምር የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው የማነሳው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ያመለጠ ሰው ነገ ይሳፈራል። ነገ ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ሌላ አውቶብስ አለ፣ ረዳቱ «አዲሳባ፣ አዲሳባ» እያለ ነው። ታዲያ ይቺ ልጅ በማግስቱ ለምን አልሄደችም?

ይህ የስክሪፕትሽ ቀዳዳ ይመስላል፤ እኔ ግን ያገኘሽው ትልቁ ሀብት ይህ ነው እላለሁ። ዳንኤል ካህነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት አንድ ታዋቂ ጥያቄ አለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ መጨናነቅ የተነሳ አውሮፕላን ማረፊያ 30 ደቂቃ ዘግይተው ይደርሳሉ። ለአንዱ «ያንተ በሰዓቱ ሄዷል» ይሉታል። ለሌላው «ያንተ ዘግይቶ ነበር፤ ገና አሁን፣ ከ5 ደቂቃ በፊት ነው የተነሳው» ይሉታል። ማን ይበልጥ ያንገበግበዋል? ከተጠየቁት ሰዎች 96 በመቶው «ሁለተኛው» አሉ። ሁለቱም የቀረባቸው ነገር አንድ ነው። ግን በጥቂት ያመለጠን ነገር እንደገና በሐሳብ ማስተካከል ቀላል ነው። ትንሽ ቀደም ብዬ ብነሳ፣ ባጃጁ ባይቆም፣ ጫማዬን ባልፈልግ...

ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቶማስ ጊሎቪች እና ቪክቶሪያ ሜድቬክ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጡት ሥራ ደግሞ ሌላውን ጎን ያሳያል። ሰው በቅርብ ጊዜ ውስጥ የሚቆጨው ባደረገው ነገር ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን የሚያብሰለስለው ያላደረገው ነው። ያደረግሽው ነገር መጨረሻው ይታወቃል፤ ያላደረግሽው ግን መጨረሻ ስለሌለው እንደፈለገ ያድጋል።

ሁለቱን አንድ ላይ አድርገሽ ሴትየዋን ተመልከቻት። «አውቶብሱ አመለጠኝ» ትላለች። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ፣ ለራሷም። በአምስት ደቂቃ ነው ያመለጠኝ ትላለች። ውሸት አይደለም፤ እውነት አምልጧታል። ግን ጸጸቷ የተደበቀው እዚያ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ፣ ነቅታ፣ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሳለ አውቶብሱ ክላክስ እያሰማ በመንገዱ ያልፋል። እሷ አልተነሳችም። የፊልምሽ ልብ ይቺ ሁለተኛ ጠዋት ናት። ያመለጣትን አውቶብስ ደጋግመሽ አሳዪ፤ እሷ ደጋግማ ታወራዋለችና። ሁለተኛዋን ጠዋት አንዴ ብቻ፣ ወደ መጨረሻው አሳዪ።

አደራ፣ ለሁለተኛዋ ጠዋት ምክንያት አትፈልጊላት። እናቷ ታመመች፣ አባቷ ከለከላት አትበይ። እናት ከታመመች መቅረቷ መሥዋዕትነት ይሆናል፣ ሰውም ያከብራታል። አባት ከከለከላት በደል ይሆናል፣ ሰው ያዝንላታል። ጸጸት የሚሆነው የሚሳበብበት ሰው ሲጠፋ ነው። ቁጭ አለች፤ አልተነሳችም፤ አበቃ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ይቺ ሴት አዲስ አበባ ኖራ አታውቅም። ታዲያ ያንን ያልኖረችውን ሕይወት በምን ትሠራዋለች? ባላት ነገር! ጭንቅላቷ ውስጥ ኮንዶሚኒየም አላት፤ ግን የውስጡን ዕቃ የምታመጣው ከየት ነው? ከጅማው ቤቷ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ» ያለው ሳሎን ውስጥ ያ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይቀመጥ። መጋረጃው የጅማው መጋረጃ ይሁን። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ቡና የምትሸጥበት ሱቅ ውስጥ ያለው ካላንደር ይሁን። የቢሮ አለቃዋን ደግሞ ማን ይጫወተው? በየሳምንቱ ገንዘብ የምታስገባበት ባንክ መስኮት ላይ ያለውን ሠራተኛ የተጫወተው ልጅ። ባሏንስ? ጆንያ የሚጭንላት ሰውዬ፣ ሸሚዝ ለብሶ። ይቺ ሴት በሐሳቧ አዲስ ፊት አትፍጠር፤ የምታውቀውን ፊት ሌላ ልብስ ታልብሰው።

ይህ ሕግሽ ይሁን። ያልተኖረው ሕይወት ከተኖረው ሕይወት በተወሰደ ዕቃ ብቻ ይሠራል። ሌላ ምንም አይገባም። ገንዘብ እንደሌለሽ ገብቶኛል፤ ይህ ሕግ ከኪስሽም ጋር ይስማማል። አዲስ አበባ ሄደሽ አንድም ሾት መቅረጽ የለብሽም። እንዲያውም ብትቀርጪ ፊልሙን ታበላሺዋለሽ። እውነተኛው የቦሌ መንገድ ሴትየዋ የማታውቀውን ነገር ያስገባብሻል።

ሰው የቷ የትኛዋ እንደሆነች በምን ይለያት? በአንድ ቀሚስ። በመጀመሪያው ደቂቃ ሻንጣ ስታዘጋጅ አሳዪን። ከላይ የምታስቀምጠውን ቀሚስ በቅርብ ቅረጪው፦ ስታጥፈው፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ ስትመልሰው፣ በመዳፏ ስታስተካክለው። ቀለሙ ከሩቅ የሚታይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያልኖረችውን ሕይወት ባሳየሽ ቁጥር ያንን ቀሚስ ለብሳለች። ቢሮ ስትሄድም፣ ልጅ ስታሳድግም፣ በአርባ ዓመቷም ያው ቀሚስ። ጠበብ ቢልባት እሰየው። ሌላ ልብስ የላትም፤ ሻንጣው ውስጥ ሲገባ ያየነው እሱ ብቻ ነዋ! ሁለተኛዋ ጠዋት መጨረሻ ላይ ሻንጣውን ከፍታ ቀሚሱን አውጥታ መስቀያው ላይ ስትመልሰው ተመልካቹ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ምልክት ሰውነት ላይ ሲሆን ከቀለም ፊልተር እጅግ ይሻላል። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አስቢው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው። ታሪኩ ከጀርመን ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ገጠሩ መንደር ይመላለሳል። ግን ባለታሪኩ አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ነው ወደ እናቱ ቤት የተመለሰው። አረማመዱን ስታዪ በየትኛው ዘመን ላይ እንዳለሽ ታውቂያለሽ። ዓመተ ምሕረት ስክሪን ላይ መጻፍ አያስፈልግም። አንቺም ሰማያዊና ብርቱካናማ ፊልተር ከምትደራርቢ ልብሱን እመኚው።

ስለ ተዋናይት፦ አንድ። ማያ ዴረን ከባሏ ከአሌክሳንደር ሃሚድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በራሳቸው ቤት የሠሩት «ሜሽስ ኦፍ ዘ አፍተርኑን» 14 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ካንቺ ፊልም ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ዴረን ራሷ ናት የምትጫወተው። በመስኮት ወደ ውጭ ስታይ የራሷን ሌላ ሰው ስትመጣ ታያለች። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሆና ትቀመጣለች። ቁልፍ፣ ቢላ፣ አበባ፣ ደረጃ፤ ዕቃው ይኸው ነው። ሦስት የተለያዩ ሴቶች ቢሆኑ ኖሮ እንግዳ የመጣባት ሴት ታሪክ ይሆን ነበር። ፊቱ አንድ ስለሆነ ነው የሚያስፈራው። የአንቺም ሴት የምትቀናው በሌላ ሴት አይደለም፤ በራሷ ነው።

አሁን የተኖረው ሕይወት። ይኸኛው ቅንብሩ ሌላ መሆን አለበት። በሐሳብ የተሠራ ሕይወት ትርፍ ነገር የለውም። ስልክ ያለቦታው አይጮህም፣ ዝንብ የለም፣ መብራት አይጠፋም። እውነተኛ ሕይወት ግን በትርፍ ነገር የተሞላ ነው። ስለዚህ የጅማውን ሕይወት ስትቀርጪ ትርፉን አስገቢ። ቡና ስትመዝን ሚዛኑ አልስተካከል ይበላት። ዝርዝር የሌለው ደንበኛ ያስጠብቃት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ንግግሯን አቋርጣ ትጠብቅ። ጀበናው ሊገነፍል ሲል በወሬ መሃል ሮጣ ትሂድ። እዚህ ላይ ረጅም ሾት ተጠቀሚ፤ አትቁረጪ። ያልተኖረው ላይ ደግሞ አጫጭር፣ ንጹሕ፣ ከመሃል የተቀረጹ ሾቶች ይሁኑ። ሳታስቢው ደስ የሚል ነገር ይፈጠራል። ያልተኖረው ሕይወት ያምራል፣ የተኖረው ግን ይተነፍሳል። ተመልካቹ እሷ ሳታውቀው የጅማዋን ሴት ይወዳታል።

ቋንቋውንም እንዲሁ አድርጊው። ጅማ ውስጥ ያለች ቡና ነጋዴ በአንድ ቋንቋ ብቻ አትውልም። ከገጠር ቡና ያመጣላትን ገበሬ በኦሮምኛ ታነጋግረዋለች፣ ዞር ብላ ለጎረቤቷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ ዋጋ ስትከራከር ሁለቱንም ታደባልቃለች። ይህንን አታርሚው። ተዋናይትሽ እንደለመደችው ታውራ። በሐሳቧ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሁሉም ሰው እንደ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ያውራ። ባልም፣ ልጅም፣ አለቃም። አዲስ አበባን የምታውቀው ከቴሌቪዥን ነው፤ ታዲያ ሰው እዚያ ሌላ ምን ዓይነት አማርኛ ይናገራል ብላ ታስብ?

ከዚያ «በሐሳብ የተሠራ ሕይወት ትርፍ ነገር የለውም» ያልነውን ሕግ አንዴ ስበሪው። ወደ አስራ አንደኛው ደቂቃ ገደማ፣ ቀሚሷን ለብሳ በ«ኮንዶሚኒየሙ» መስኮት ቆማለች። ከውጭ የታክሲ ረዳት ድምፅ ይሰማል። ተመልካቹ «ሜክሲኮ፣ ፒያሳ» የሚል ይጠብቃል። ረዳቱ ግን «ጅሬን! ቆጪ! መንቲና!» ይላል። ታክሲውን አታሳዪ። ድምፁ ብቻ ይበቃል። እሷም ትሰማዋለች፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆዪ። የጅማ ሰፈሮች ናቸውና የጅማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የሌላ ከተማ ሰው ደግሞ እነዚህ የአዲስ አበባ ሰፈሮች እንዳልሆኑ ያውቃል። ቤቱ በሙሉ ከጅማ የተሠራ እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። በርጩማው፣ ካላንደሩ፣ የባሏ ፊት፣ ሁሉም ወደ ኋላ ተመልሶ ትርጉም ያገኛል። ከዚህ ሾት በቀጥታ ወደ ሁለተኛዋ ጠዋት ቁረጪ።

ተራኪ አያስፈልግም ያልኩሽ ለዚህ ነው። ተራኪ «ይህ ሐሳቧ ነው» ካለ ረዳቱ የሚሠራው ሥራ አይኖረውም።

ሦስተኛዋን፣ ሄዳ የምትመለሰውን፣ አውጪያት። የሚጸጸት ሰው ስለ መመለስ አያልምም፤ ስለ መሄድ ነው የሚያልመው። ከእሷ መለየት ካቃተሽ ለእናትየዋ ስጫት። እናት አንድ ቦታ ላይ ቡና እየቀዳች «ብትሄጂም ትመለሺልኝ ነበር» ትበል፤ ያንን በአንድ ሾት አሳዪን። ያኔ ሦስተኛው ሕይወት የሌላ ሰው ሐሳብ ይሆናል፤ ሐሳቡም የሚያጽናና ነው። ከአንድ ሾት ግን እንዳያልፍ።

ስለ ስልኩ ባጭሩ። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን (ካሜራው ለአንድ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) የሰከንድ 1/50 ላይ አድርገሽ ከቀረጽሽ አምፖል ሥር ምስሉ አይርገበገብም። የስልኩ የራሱ ካሜራ ይህንን ካልፈቀደልሽ በእጅ የሚስተካከል የካሜራ አፕ ጫኚ፤ ነጻ የሆኑ አሉ። ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፊ፤ አለበለዚያ በበሩ ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቷ ይጨልማል። ስልክ ብዙውን ጊዜ የፍሬሙን ፍጥነት ራሱ ይቀያይራል፤ ኤዲቲንግ ላይ ድምፅና ከንፈር የሚለያየው በዚህ ነው። ስለዚህ ቋሚ ፍጥነት የሚለውን ምረጪ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ሥር ንግግር ለመቅዳት አትድከሚ። ዝናቡን ለብቻው ቅጂ፣ ንግግሩን ለብቻው። በየክፍሉ ደግሞ ማንም ሳይናገር ትንሽ ቅጂ፤ ስትቆርጪ ክፍተቱን የምትሞዪው በሱ ነው። ለሐሳቧ ቤት ግን የዚያን ክፍል ድምፅ አትጠቀሚ፤ ጭር ይበል። ጆሮ ልዩነቱን ከዓይን ቀድሞ ይይዛል።

የመናኸሪያውን ሲን ከሁሉም በፊት ቅረጪ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቂ፣ በማለዳም ድረሺ። አውቶብሱ ከእይታ እንዳይጠፋ፤ እሷ ስትደርስ ገና ሲታጠፍ እንየው። ርቆ ከሄደ የአምስት ደቂቃው ነገር አይሠራም።

አዲሱን ቁራጭ ስትጨርሺ ፊልሙን ላላየ ሰው አሳዪው፤ ለእነዚያው ጓደኞችሽ አይደለም። «ገባህ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው አያሳፍርሽም፣ «አዎ» ይልሻል። «ምን ሠርታ ነው የምትኖረው? ቤቷ የት ነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ቡና ነጋዴ ናት፣ ጅማ» ካለሽ ተሳክቶልሻል። «የአዲስ አበባው ሐሳቧ እንደሆነ መቼ ገባህ?» ብለሽ ደግሞ ቀጥዪ። ከረዳቱ ድምፅ በፊት ነው ካለሽ አንድ ዕቃ ቶሎ አጋልጦብሻል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ በርጩማው ነው። የመጀመሪያው የ«ኮንዶሚኒየም» ሲን ላይ ጥግ አስይዢውና ወደ መሃል የምታመጪው በሁለተኛው ይሁን።